«ሬስኪው ናት» ተብላ የተሰጠችን ኤሊ

ገና ንዴቴ አልበረደም፤ አነጋገሬ ሻከር ካለ ቻሉኝ። ጉዳዩ ስለ ኤሊ ነው። አዎ፣ ኤሊ። መሳቅ የፈለገ ይሳቅና ይጨርስ፤ ከዚያ ያንብብ።

ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። «እኛ ነጋዴ አይደለንም፣ ሬስኪው ነን፣ የተጣሉ እንስሳትን የምንታደግ» ይላሉ። «ዋጋ» የሚባል ቃል ከአፋቸው አይወጣም፤ «የአዶፕሽን ክፍያ»፣ ማለትም እንስሳውን ወስዶ የማሳደጊያ ክፍያ፣ ነው የሚሉት። ክፍያው ግን ከሱቅ ዋጋ አያንስም። ደረሰኝ ስትጠይቅ «ለበጎ ስራ እኮ ነው» ተብሎ ፊት ይጠቁርብሃል። እንስሳው ሁሉ ታሪኩ አንድ አይነት ነው፦ ባለቤቱ አረጀ፣ ቤት ቀየረ፣ ወይ ልጁ አለርጂ ሆነበት። ጥግ ላይ ደግሞ መዳፍ የማይሞሉ ጫጩት ኤሊዎች በፕላስቲክ እቃ ተደርድረዋል። አሜሪካ ውስጥ ቅርፊቱ ከ4 ኢንች በታች የሆነ ኤሊ ለቤት እንስሳነት መሸጥ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ሳልሞኔላ በሚባለው፣ ሰውን በሚያሳምም ባክቴሪያ ምክንያት ክልክል ነው። «አዶፕሽን» የሚለው ቃል ለምን እንደተወደደ አሁን ገብቶኛል።

የእኛ ቦክስ ተርትል የሚባለው የኤሊ አይነት ነች ተባለ። ለማታውቁት፣ የሆዷ ቅርፊት መሀሉ ላይ ማጠፊያ አለው። ስትፈራ ራሷንና እግሯን ሰብስባ ከፊትም ከኋላም ግጥም አድርጋ ትዘጋዋለች። ሰውየው በአንድ እጁ አንጠልጥሎ እያሳየኝ አፉን ሞልቶ ተናገረ። ሴት ናት። አምስት አመቷ ነው። ሰው ቤት የተፈለፈለች ናት፣ ጫካ የሚባል አታውቅም። አይነቷም ባለ ሶስት ጣት የሚባለው ነው። የቅርፊቷ ጠርዝ ላይ ያሉትን ቁርጦች ምንድን ናቸው ብዬ ስጠይቅ ዞር ብሎ እንኳ አላየም። «የድሮ ቤቷ ውሻ አኝኳት ነው። ለዚህ አይደል ያዳንናት?»

ምግቧስ? «ሰላጣ ስጧት፣ ይበቃታል።» ያለችውም ደረቅ ሰጋቱራ ላይ ነበር፣ ከላይ ቀይ መብራት ተሰቅሎላት። «ይሄንኑ ቀጥሉበት» ተባልን። ቀጠልንበት። ልጆቹ «እማማ» ብለው ስም አወጡላት።

እማማ ግን መብላት አቆመች። አይኗ አብጦ ተጣበቀ። ከአይኗ ጀርባ፣ ጆሮዋ በሚሆንበት በኩል፣ እብጠት ወጣ። ደወልኩ። ስልክ የምታነሳው ልጅ ስሜን እንኳ ሳትጠይቅ «ኤሊ በባህሪዋ ቀርፋፋ ናት፣ ታገሷት» ብላ ዘጋች። ደግሜ ስደውል «አሁንም አንተ ነህ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ወደ ሐኪም የወሰድኳት።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ የሚሳቡ እንስሳትን የምታክም። ጓንት አጥልቃ ቀስ ብላ ገለበጠቻት። የኋላ እግሯን ሳብ አድርጋ ጥፍሮቿን ቆጠረች። አራት። «ባለ ሶስት ጣት ናት ያለህ ማን ነው?» አለች። ጥፍር ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን፣ አንዳንዴ እንደሚለያይ ነገረችኝ። ግን ቅርፊቷም ጥቁር ቡኒ ሆኖ ቢጫና ብርቱካናማ ዥንጉርጉር ያለበት ነው። ምስራቃዊው የሚባለው አይነት ነው። ባለ ሶስት ጣቱ ብዙውን ጊዜ ገርጣ ያለ፣ ያን ያህል ያላጌጠ ነው።

ከዚያ አውራ ጣቷን የሆዱ ቅርፊት ላይ አሳረፈች። ወደ ኋላ በኩል ጎድጎድ ብሏል። ያበጠውን የአይን ሽፋን በእርጥብ ጥጥ ከፈት አደረገች። አይኑ ራሱ ደማቅ ቀይ ነው። «ወንድ ነው።» እድሜ የሚገመትባቸው የጀርባው ቅርፊት ቀለበቶች ደግሞ ተፍቀው ልሙጥ ሆነዋል። «አምስት አመት የሚባል ነገር የለም። ስንት እንደሆነ በትክክል ልነግርህ አልችልም፣ ቀለበቱ አልቋል። ግን አስር አመታትን ደጋግሞ የኖረ ነው።» እነዚህ እንስሳት ከ30 እስከ 50 አመት መኖራቸው የተለመደ ነው፤ 100 ያለፉም አሉ። እኛ እማማ ስንላቸው የነበሩት ከእኔ በእድሜ ሳይበልጡ አይቀርም። ስለዚህ አሁን «አባባ» ሆነዋል፣ አንቱ ተብለዋል።

እስከዚህ ድረስ ውሸቱ የተለመደ የነጋዴ ውሸት ነው ብዬ እችለው ነበር።

ዶክተሯ ግን ዝም አለች። መብራቱን አስጠጋች። የቅርፊቱን ጠርዝ በጣቷ ጫፍ ዳበሰች፣ አለፈች፣ ተመለሰች። ቁርጦቹ ሶስት ናቸው። ሁሉም በሶስት ማዕዘን የተቆረጡ፣ አፋቸው እኩል፣ ጎናቸው ቀጥ ያለ። «ውሻ ሲያኝክ እንዲህ አያደርግም። የውሻ ጥርስ ይቦጫጭራል፣ ይሰነጥቃል። ይሄ በሞረድ ነው የተሰራው» አለችኝ።

ማን ነው ኤሊ የሚሞርድ? ተመራማሪዎች። ጫካ ገብተው ኤሊ ሲያገኙ የጠርዙን ቅርፊቶች በልዩ ቦታ ይሞርዷቸዋል። የትኛው ቅርፊት እንደተሞረደ ሲታይ የእንስሳው ቁጥር ይታወቃል። ከዚያ እዚያው ካገኙበት ቦታ ይለቁታል። ከአመታት በኋላ ሲያገኙት ያው ራሱ መሆኑን ያውቃሉ። ማለትም አባባ ሰው ቤት አልተፈለፈሉም። ጫካቸው ውስጥ ነበሩ። የሆነ መዝገብ ላይ ቁጥር አላቸው። አንድ ሰው መጥቶ አንስቷቸው ከረጢት ውስጥ ከተተና «አዳንኳት» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ለዚህ ነው የከፈልኩት።

እዚያው ቆሜ ደወልኩለት፣ ድምፁን ከፍቼ። ዶክተሯ ትሰማለች፣ ረዳቷም ትሰማለች። ስለ ቁርጦቹ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። የማፈር ሳቅ አይደለም፤ ከልቡ ነው የሳቀው። «ወንድሜ፣ ኤሊ እኮ ናት። የልደት ሰርተፊኬት ልስጥህ?» አለኝ። ውሻ አኝኳት ብለኸኝ አልነበረም ወይ ስለው «ውሻ ይሁን ሰው ምን አውቃለሁ፣ ያመጧትን ነው የምሰጠው» አለ። ማን ነው ያመጣት? መልስ የለም። ከዚያ ስልኩን ከጆሮው ሳያርቅ አጠገቡ ላለ ሰው «ያ የኤሊው ሰውዬ ነው፣ ደግሞ መጣ» ሲል ሰማሁት። ሌላ ሰው ሲስቅም ሰማሁ። ዘጋው። ረዳቷ አንገቷን ደፍታ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። ፊቴ የጋለው እስካሁን አልበረደም።

ገንዘቡን ተዉት። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ቦክስ ተርትል እድሜ ልኩን የሚኖረው በጣም ትንሽ ቦታ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መቶ ሜትር ዙሪያ። ውሃው፣ እንጉዳዩ፣ የብርዱን ወራት ተቀብሮ የሚያሳልፍበት ሁሉ እዚያ ነው። ሌላ ቦታ ብትለቀው የራሱን ቦታ ፍለጋ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ መኪና ይጨርሰዋል። ሴቷ በአንድ ጊዜ ጥቂት እንቁላል ብቻ ነው የምትጥለው፣ ከጫጩቶቹም የሚያድጉት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ አንድ ትልቅ ኤሊ ከጫካ ሲወሰድ ቦታው ቶሎ አይሞላም። ብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ከጫካ ማንሳትን የከለከሉት፣ አለም አቀፍ ንግዱም እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በፈቃድ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሰውየው ይሄን አያውቅም አትበሉኝ። ከማንም በላይ ያውቃል።

አባባ ህክምናቸውን ጀምረዋል። የጆሯቸው እብጠት በማደንዘዣ ተከፈተ። የኤሊ መግል አይፈስም፤ እንደ አይብ የጠጠረ ነገር ነው ተጠርቦ የወጣው። ምክንያቱ በአብዛኛው የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው፤ ያ ሰላጣ! ደረቁ ሰጋቱራም አባብሶታል። ቫይታሚኑን በራሳችሁ መርፌ እንዳትሰጡ፤ ሲበዛ ቆዳቸው ይላጣል።

ቤታቸውንም አፍርሰን ሰራን። ሰጋቱራው ተጣለ። እርጥብ አፈርና ቅጠል በጥልቀት አነጠፍንላቸው፣ መቀበር ይወዳሉ። አንዱ ጥግ ወደ 30 ዲግሪ ይሞቃል፣ ሌላው ቀዝቀዝ ይላል። ቀዩ መብራት ወጥቶ እንደ ፀሐይ ጨረር የሚሰጥ የዩ ቪ ቢ አምፖል ገባ። ያለ እሱ ካልሲየሙ አጥንታቸው ውስጥ አይገባም፤ አምፖሉ ደግሞ መብራቱ ቢበራም ጨረሩ እየደከመ ስለሚሄድ በጊዜው ይቀየራል። ገብተው የሚነከሩበት ጥልቀት የሌለው ውሃም አለ። ምግባቸው የመሬት ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ እንጉዳይ፣ እንጆሪ፣ ካሮትና ስኳር ድንች። ትሉን ከፊታቸው ሳደርግላቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው በአንድ አይናቸው ገረመሙት፣ ከዚያ በአንድ ንክሻ ለሁለት ከፈሉት። ቀርፋፋ ናት ያለችኝ ልጅ ይሄን ባየች።

ለክፍለ ግዛቱ የዱር እንስሳት መስሪያ ቤት የቁርጦቹን ፎቶ ልኬያለሁ። የማን ጥናት እንደሆነ እያጠያየቁ ነው። እስከዚያ ከእኛ ጋር ይቆዩ፣ በራሳችሁ እንዳትለቋቸው ተብለናል። ታመው ስለነበር በሽታ ይዘው ወደ ሌሎቹ እንዳይሄዱም ነው።

ለእናንተ የምለው አጭር ነው። «ሬስኪው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የሐኪም ወረቀት ጠይቁ፤ ማን እንዳመጣው፣ ከየት እንደመጣ በጽሁፍ ይስጥ። እንቢ ካለ ውጡ። አይነቱን ሳታረጋግጡ ቤት አትስሩለት፤ ራሱ ላይ ቢጫ መስመሮች ካሉት የእስያው ቦክስ ተርትል ሊሆን ይችላል፣ እሱ መዋኛ ውሃ ይፈልጋል። ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፣ ልጆቹንም አስታጥቡ። ከእንደዚህ አይነት ሰው ኤሊ የወሰደ ካለ ደግሞ የቅርፊቱን ጠርዝ ዙሪያውን በደንብ አይቶ ፎቶ ያንሳ፤ እኩል የተሞረደ ቁርጥ ካገኘ ለሻጩ ሳይሆን ለዱር እንስሳት መስሪያ ቤቱ ይደውል።