ጎርጎራን ወደ ቦታዋ ለመለሰልኝ የማተሚያ ቤት ልጅ

ከቪየና ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ይህን ሳልጽፍ ብቀር ግን ሕሊናዬ አያስተኛኝም።

ኮንፈረንስ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከጥናቱ በላይ የሚያለፋው ሌላው ነው። የግብዣ ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የቪዛ ቀጠሮ። በረራዬ እሁድ ነበር፣ ፓስፖርቴ እጄ የገባው ሐሙስ ከሰዓት። ከፍዬ እንኳ ስልክ የሚያነሳልኝ ሰው ያጣሁበትን ቢሮ ስሙን አልጠራም።

ከዚያ ፖስተሩ፣ ጥናቴን ጉባኤው ላይ ዘርግቼ የማስረዳበት ትልቅ ሕትመት። ከፖስተር ጋር የቆየ ቂም አለኝ። ከዓመታት በፊት ሌላ አገር ስሄድ ፖስተሬ ከነቱቦው ትራንዚት ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ ባለቀለም ፖስተሩ አጠገብ ሲያወራ፣ እኔ በሆቴሉ ፕሪንተር ያወጣኋቸውን ስምንት ጥቁርና ነጭ ወረቀቶች ለጥፌ ቆምኩ። ያናገረኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም መጸዳጃ ቤት ወዴት ነው ብሎ። ዘንድሮም አርብ ጠዋት የሄድኩበት ማተሚያ ቤት ከሰዓት ስመለስ ካርታዬ ላይ ያለውን ጣና ሐይቅ ሐምራዊ አድርጎ ጠበቀኝ። ሐምራዊ! የዩኒቨርሲቲው ዓርማም ግማሹ ተቆርጧል። "ችግሩ የፋይሉ ነው" አሉኝ። ብሩም አልተመለሰም።

ሆድ ብሶኝ ሳለ አንዲት ባልደረባዬ አምስት ኪሎ ያለ ልጅ ጋ ላከችኝ። ከፎቶኮፒ ቤት ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ልጁ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ፋይሉን ከፈተና "መምህር፣ ይሄን ይዘው በአውሮፕላን ነው የሚሄዱት?" አለኝ። አዎ ስለው "እንግዲያው ወረቀቱን ይተዉት፣ በጨርቅ ላትምልዎት" አለ። እንዴት እንደሚታተምም አስረዳኝ። አልገባኝም፣ ዝም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ከዚያ ካርታው ላይ አጎንብሶ ቆየ። ጥናቴ እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ እንዴት እንደተስፋፋ በሳተላይት ምስል የሚያሳይ ነው። ልጁ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጎርጎራ እዚህ ነው እንዴ?" አለኝ።

አየሁት። ደነገጥኩ። የጎርጎራ ስም ተንሸራቶ የሐይቁ ደቡብ ዳርቻ፣ ባህር ዳር አጠገብ ተቀምጧል። "የእናቴ አገር ነው፤ ከባህር ዳር በጀልባ ሄጄ አውቃለሁ፣ ሐይቁን ሙሉ ነው የሚያቋርጡት" አለኝ። እኔ መቶ ጊዜ ያየሁትን፣ ሦስት ዶክተሮች ያነበቡትን! ጎርጎራን ወደ ሰሜን መለስናት። መብራት ሄዶ እስኪመጣ ቤቱን ሳይዘጋ ጠበቀኝ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አጣጥፎ በፌስታል ሰጠኝ። ላመሸህበት ልጨምርልህ ብለው "ሲመለሱ ፎቶውን ያሳዩኛል" አለ እንጂ አልተቀበለም።

ጉባኤው ዳኑብ ማዶ፣ ኦስትሪያ ሴንተር የሚባለው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው። የአውሮፓ ጂኦሳይንስ ኅብረት በየዓመቱ በአውሮፓውያኑ ፀደይ ይሰበሰብበታል፤ የሰው ብዛት መስቀል ደመራ ነው የሚመስለው። ሰዎች ቱቦ ተሸክመው ባቡር ውስጥ ሲጋፉ እኔ ፖስተሬን ከሹራቤ ጋር ጠቅልዬ በእጅ ቦርሳዬ ይዣለሁ። ስዘረጋው አልተጨማደደም። 84 በ119 ሳንቲሜትር፣ ጣናም ሰማያዊ!

አንዲት ሸበቶ ፕሮፌሰር መጡ። ስለ ጥናቱ ከመጠየቃቸው በፊት ጣታቸውን ካርታው ላይ አሳረፉ። የት እንዳሳረፉ ገምቱ። ወጣት ሳሉ በጀልባ ጎርጎራ ሄደው የደብረ ሲናን ቤተ ክርስቲያን አይተው ኖሯል። ጀርባዬን ላብ አጠመቀው። ከእሳቸው ጋር ከአርባ ደቂቃ በላይ አወራን፤ አሁንም በኢሜይል እየተጻጻፍን ነው።

ተመልሼ ፎቶውን አሳየሁት። "ጎርጎራ ትታያለች?" አለና አጉልቶ አያት።

ወገኖቼ፣ ፖስተር ያላችሁ ሌላ ቦታ አትልፉ፣ እሱ ጋ ሂዱ። በጨርቅ አሳትሙ፣ በጨርቅ! ስልኩን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ፋይሉን በፍላሽ ያዙ፣ ኢንተርኔቱ አያስተማምንም። ካርታ ካላችሁ ደግሞ ከመታተሙ በፊት አሳዩት።