ተጠንቀቁ፦ ሽሪምፕ ብዬ በረዶ ገዛሁ

ዱባይና ሻርጃ ያላችሁ፣ «ሁለት ከረጢት በ38 ድርሃም» የሚል የፍሪዘር ሽሪምፕ (ትንሿ የባሕር እንስሳ) ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። እኔ ባለፈው ዓርብ በደንብ ተሸውጃለሁ።

ሁለት ጓደኞቼ ማታ እንመጣለን አሉኝ። ለድንገተኛ እንግዳ ከሽሪምፕ የሚፈጥን የለም። (አገር ቤት እያለሁ ቀምሼው አላውቅም። እናቴ ዛሬም ፎቶውን ስልክላት «ይሄ በረሮ አይደለም እንዴ?» ትለኛለች።) ዘይቱ በደንብ ሲግል ሽሪምፑን ጣል፣ ከደቂቃ ተኩል በኋላ ገልበጥ፣ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ቅቤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ፣ ሲወጣ ሎሚ። አለቀ።

ያን ቀን በረዶውን በቀዝቃዛ ውሃ አስለቅቄ፣ አጠንፍፌ ነው የጣልኩት። መጥበሻው አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ነጭ አረፋ ያለው ውሃ ሞላው፣ ሚጥሚጣው ላዩ ላይ ተንሳፈፈ። ውሃው እስኪመጥ ስጠብቅ ሽሪምፑ ተጠቅልሎ አነሰ፤ ሲያኝኩት ላስቲክ። አንዷ ጓደኛዬ «ጥብስ ነው ሾርባ?» ብላ ሳቀችብኝ።

በንዴት ሁለተኛውን ከረጢት መዘንኩት። ልክ 1 ኪሎ። በወንፊት አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። ጠዋት የቀረው 620 ግራም! 19 ድርሃም ያልኩት ኪሎ ከ30 በላይ ገባ ማለት ነው።

በረዶው በራሱ ነውር አይደለም። ሽሪምፑ ፍሪዘር ውስጥ እንዳይደርቅ ስስ የውሃ ሽፋን ያለብሱታል፤ ግሌዚንግ ይሉታል። ነውሩ ሽፋኑን አወፍሮ በሽሪምፕ ዋጋ መሸጥ ነው። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ እንኳ የተጣራው ክብደት በረዶውን አይጨምርም ይላል። የኔው ከረጢት ፊቱ ላይ በትልቁ «1 ኪሎ» ይላል፤ ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል «ከነበረዶው»። እዚያው ኢ451 የሚል አለ። ፎስፌት ነው፤ ሥጋው ውሃ እንዲይዝ ያደርገዋል። የተፈቀደ ነገር ነው፤ ግን የያዘውን ውሃ እሳት ሲነካው መጥበሻችሁ ላይ ይለቀዋል። የኔ ሾርባ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ከረጢቱ ላይ ያለውን የመጠን ቁጥርም እዩ፤ የኔው 31/40 ይላል። 31/40 ማለት በአንድ ፓውንድ፣ በ454 ግራም፣ ከ31 እስከ 40 ፍሬ ነው። ስለዚህ 1 ኪሎ ውስጥ ቢያንስ 68 ፍሬ መኖር አለበት። ሥራ ፈትቼ ቆጠርኩት፤ 51።

ደረሰኝ ይዤ ብመለስ «የተከፈተ አንቀበልም» አሉኝ። ሳይከፈት በምን አውቄው?

አሁን ከበረዶው ውጭ ያለው ክብደት ለብቻው ካልተጻፈበት አልነካም። ወይ ዱባይ ዴራ ያለው የዓሣ ገበያ፣ ዋተርፍሮንት ማርኬት ሄጄ ትኩሱን ሮቢያን (ሽሪምፕን በዓረብኛ እንዲህ ይሉታል) እገዛለሁ። እሱም ቢሆን ጭንቅላትና ቅርፊቱ ሲወጣ ከሲሶ በላይ ስለሚቀንስ፣ ዋጋ ስታወዳድሩ ይህን አስቡ።

51ዱን ፍሬ ምን አደረግሻቸው ካላችሁ፣ በሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌት ወጥ ሠራኋቸው። ውሃ ለሚያወጣ ሽሪምፕ ሌላ መላ አላገኘሁለትም።