ኤስኪውላይት ወይስ ፖስትግሬስ?

አዳማ ውስጥ ሸቀጥ የሚያከፋፍል መደብር ሒሳቡን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ሲያዛውር ሁለት ነጻ የመረጃ ቋቶች ይቀርቡለታል። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ኤስኪውላይት፣ ሌላው በ1986 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፖስትግሬስ ነው።

ሁለቱም በንብርብር የተሠሩ ናቸው። የላይኛው «ስንት ኩንታል ስኳር ቀረ?» የሚለውን ጥያቄ ይተነትናል፣ ቀጣዩ ወደ መልሱ የሚያደርሰውን አቋራጭ መንገድ ይመርጣል፣ የታችኛው መረጃውን ከዲስክ ገጽ በገጽ፣ ማለትም በእኩል በተከፈሉ ቁራጮች፣ ያነሳል። ኤስኪውላይት ይህን ሁሉ በሽያጭ ፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ይዞ መረጃውን በአንድ ፋይል ያኖራል፤ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ፋይሉን በፍላሽ መገልበጥ ነው። ሆኖም በአንድ ጊዜ የሚጽፈው አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለተኛው ገንዘብ ተቀባይ ተራ ይጠብቃል። ፖስትግሬስ ለብቻው የሚሠራና የሌሎችን ፕሮግራሞች ጥያቄ የሚያስተናግድ አገልጋይ (ሰርቨር) ነው፤ ብዙዎች አብረው ይጽፉበታል፣ ግን ተንከባካቢ ባለሙያ ይፈልጋል።

መብራት በድንገት ቢጠፋስ? ኤስኪውላይት በተለመደው አሠራሩ ገጹን ከመለወጡ በፊት የቀድሞውን ቅጂ በጎን ፋይል ይዞ ይቆያል፤ ፖስትግሬስ ደግሞ አዲሱን ለውጥ አስቀድሞ በመዝገብ ያሰፍራል። በሁለቱም ያልተጠናቀቀው ሽያጭ ይሰረዛል እንጂ ሒሳቡ አይፋለስም።

ለአንድ ሱቅ ኤስኪውላይትን እመርጣለሁ፤ ሞጆ ላይ ቅርንጫፍ የከፈተ ግን ሳያመነታ ወደ ፖስትግሬስ ይሂድ።