አዲሱ ቢኤምደብሊው 5 ሲሪስ ወይስ የቀድሞው?

አዲሱ የቢኤምደብሊው መኪና፣ 5 ሲሪስ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ወጣ። ዋስትና አለው፤ ማን እንዴት ሲነዳው እንደኖረ ብለህም አትጨነቅም። ግን ርዝመቱ ከ5 ሜትር አልፏል። ሙቀትና ቅዝቃዜ ማስተካከያውም ወደ ስክሪን ገብቷል፤ እየነዱ መፈለግ ያናድዳል።

እኔ ልቤ ያለው ከሱ በፊት በነበረው ላይ ነው። የሙቀትና ቅዝቃዜ ማስተካከያ ቁልፎቹን ሳታይ እጅህ ያገኛቸዋል፤ ዋጋው በፍጥነት የወረደባቸውን ዓመታትም የመጀመሪያው ባለቤት ችሎልሃል። ታዲያ በደንብ ፈትሸው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሳና ድምፁን ስማ። ጎንበስ ብለህ ጎማዎቹን እይ፤ የውስጠኛው ጠርዝ ብቻ ከተበላ የእግር ዕቃው (ጎማዎቹን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ክፍል) ላይ ችግር ሊኖር ይችላል። የሰርቪስ መዝገብ ከሌለው ተወው። መኪናው በግማሽ ዋጋ ቢገኝም መለዋወጫው ግማሽ አይሆንም፤ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ለብቻ አስቀምጥ።