የተሰራ ካምፐር ልግዛ ወይስ ሚኒባስ ገዝቼ ላሰራ? ሁለቱንም የቀመሰ ሰው ሂሳብ

ጥያቄው በየሳምንቱ ይመጣል። ቡና ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ አንዴማ ባንክ ሰልፍ ላይ። «ያቺ አልጋ ያላት መኪናህ ስንት ፈጀች? አዲስ አበባ አንድ የተሰራ አግኝቻለሁ፣ ልግዛው?»

መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የተሰራ ካምፐር፣ ማለትም ውስጧ ማደሪያ ሆና የተዘጋጀች መኪና፣ አትግዙ። ባዶ ሚኒባስ ግዙና እዚሁ ጂማ አጠገቡ ቆማችሁ አሰሩ። ሂሳቡን ደግሞ ቀስ ብለን እንየው።

ሥራዬ ቡና ነው። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ እሸት ሲለቀም ከአጋሮ ወዲያ ጎማና ጌራ፣ ሲመቸኝም ሊሙ ድረስ፣ ከአንዱ ማጠቢያ ጣቢያ ወደ ሌላው ስዞር ነው የምከርመው። እሸቱ የሚገባው ወደ ማታ ነው። ተፈልፍሎ እስኪያልቅ እኩለ ሌሊት ያልፋል። በዚያ ሰዓት በጭቃ መንገድ ተመልሶ አልጋ መፈለግ የለም። ድሮ ጋቢ ተከናንቤ የፒክአፕ ወንበር ላይ ነበር የምተኛው። ወገቤ ሲያልቅ ነው የአልጋ መኪና ያማረኝ።

እናም በ2014 ዓ.ም. የተሰራ ገዛሁ። ከአገር ሊወጣ የተዘጋጀ ሰው የሚሸጠው ዶልፊን ሚኒባስ ነበር። ውስጡ ሲታይ ሆቴል ነው። ነጭ ቁም ሳጥን፣ ሰማያዊ መብራት፣ እንደ መሳቢያ የሚወጣ ምድጃ፣ ጣራው ላይ ሶላር። 1,150,000 ብር ከፈልኩ። ደላላው 2 ፐርሰንቱን ወሰደ። በዚያን ጊዜ ያው ዶልፊን ባዶውን 900,000 አካባቢ ይገኝ ነበር። ስለዚህ 250,000 የከፈልኩት ለውስጡ ውበት ነው ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

የገዛሁት በጥር ነው። በጥር ጣራ አያፈስም፣ ዝናብ የለማ። ጂማ ደግሞ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጌራ ላይ አገኘኝ። ተኝቼ ግንባሬ ላይ ጠብ አለ። መብራቱን ሳበራ የጣራው መብራት ሽፋን ግማሽ ድረስ ውሃ ይዟል። ብርሃኑ በውሃው ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ስኒ አምጥቼ ሥሩ አስቀመጥኩና እግሬን አጥፌ በሩ ጋ አነጋሁ።

በነጋታው ሲፈታ ጉዱ ወጣ። ሶላሩን ለማሰር ጣራው ስምንት ቦታ ተበስቷል። ቀዳዳው የተደፈነው የመታጠቢያ ቤት ሲልከን ነው። መኪና መንገድ ላይ ይናጣል፣ ላሜራው በፀሐይ ይለጠጣል፣ ያ ሲልከን ይላቀቃል። የሚያስፈልገው የመኪና መስታወት የሚለጠፍበት ጥቁሩ ፖሊዩሬቴን ነበር። የዋጋ ልዩነቱ የአንድ ምሳ ነው። የኔ ጣራ ግን ዝገቱ ተፍቆ፣ ተበይዶ፣ ተቀብቶ 29,000 ጨረሰ።

ውሃው በግድግዳው ወርዶ ቁም ሳጥኑን አገኘው። ያ ነጭ ውበት ቺፕውድ ነበር። አናጢዬ፣ ባርጩማ ሲጠርብ ያደገ የጂማ ሰው ነው፣ በጣቱ ሲጫነው ጣቱ ገባ። «ወንድሜ፣ ይሄ እንጨት አይደለም፣ ብስኩት ነው። ሻይ ውስጥ ገብቷል» አለኝ። ጠቅላላውን አውጥቶ እንደገና ለመስራት 52,000።

ቺፕውዱ ሌላም ጦስ ነበረው። ከባድ ነው። ያን ሁሉ ሳጥን ተሸክማ የኋላ ባሌስትራዋ ተኝቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ መኪናዋ ስትቀመጥ የምታምር መስሎኛል። ባሌስትራ ቅያሬ 28,000። በዚያው ሰሞን ጎማ ወረዳ ላይ ጎማ ፈነዳብኝ። ጎሚስታው ሳይቀር ሳቀበት፤ ዋጋውን ግን አልቀነሰም።

አሁን ወደ ባትሪው። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ጄል ባትሪ በስድስት ወሩ ሞተ። በ24,000 ሌላ ገዛሁ። «ኦሪጅናል ነው፣ 100 አምፒር» ተባልኩ። ማታ አንድ መብራትና ትንሿን ፍሪጅ አብርቼ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጠፋ። ጠረጠርኩ። ወዳጄ ቡና መጋዘን ወስጄ ሚዛን ላይ ጣልኩት። 18 ኪሎ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ አይደል? የመቶ አምፒር ጄል ባትሪ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል፤ ከአንድ ፈረሱላ ተኩል በታች ከሆነ ውስጡ እርሳስ ጎድሏል። ሚዛን ላይ የቆመው ልጅ አየት አደረገውና «ይሄማ ጀንፈል ነው፣ ቢፈለፈል ግማሹ ገለባ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልመዝን ባትሪ ገዝቼ አላውቅም። ሻጩ ፊቱ ከተቀየረ መልሱን አገኛችሁ። ሁለተኛውን በ36,000 ገዛሁ። እሱ ደህና ነበር።

ሶላር ፓነልም እንደዚሁ ነው፤ እሱ የሚለካው በሜትር ነው። ጥሩ ፓነል ከአንድ ካሬ ሜትር 200 ዋት ገደማ ያወጣል። የጠረጴዛ ግማሽ የማታክል ፓነል ጀርባ ላይ «300 ዋት» ከተለጠፈ የሚያበራው ተለጣፊው ብቻ ነው።

ሽቦው ሳይነካ ቀርቶ ነበር። እሱን የነካው እሳት ነው። ለፍሪጁ የተዘረጋችው ሽቦ የስልክ ቻርጀር የምታክል ነበረች፣ ከባትሪው አጠገብም ፊውዝ የሚባል ነገር የለም። አንድ ቀን ከፍራሹ ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ደግነቱ ቀን ነበር። ሽቦው በሙሉ ተነቅሎ በአዲስ ሲዘረጋ 18,000።

ደምሩት። 29፣ 52፣ 28፣ ሁለቱ ባትሪዎች 60፣ ሽቦ 18። 187,000 ብር። ለውበቱ ከከፈልኩት 250 ሺህ ጋር 437,000። ሐምሌ 2015 ላይ በ1,300,000 ሸጥኳት። የመኪና ገበያ ስለናረ ነው እንጂ አልቅሼ ነበር የምወጣው። የሆነውን ሁሉ ለገዢው ነግሬዋለሁ። «ግድ የለም፣ አውጥቼ ወንበር ነው የምመልስባት» አለኝ።

መስከረም 2016 ላይ ባዶ አባዱላ ሚኒባስ በ2,150,000 ገዛሁ። ለሞተሩ ሦስት ወር ጠበቅኩ። ፋይቭ ኤል ካልሆነ አልገዛም ብዬ። ሌላው ሞተር፣ ቱ ኬዲው፣ ጉልበት አለው፣ ዳገት ላይ ይበራል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ናፍጣው ትንሽ ከቆሸሸ ኢንጀክተሩ ያቃስታል፣ ለአንድ ኢንጀክተር የሚጠሩባችሁ ዋጋ ደግሞ ያስቃስታል። ፋይቭ ኤል ከጊቤ በረሃ ስትወጣ እንደ አህያ ታዘግማለች። ግን የትኛውም የወረዳ ከተማ ውስጥ የሚፈታት መካኒክ አለ። ሌሊት ጫካ ውስጥ ለሚያድር ሰው ከፍጥነት ይሄ ይበልጣል።

የማሰሪያው ወጪ ይኸውላችሁ፣ ከደብተሬ ላይ። ዝገት ማስፈቅ፣ ብየዳና ቀለም 38,000። አልሙኒየም የለበሰ ፎም ለግድግዳና ለጣራ 14,000፤ ይሄ ለብርድ ብቻ አይደለም፣ ጣራው ላይ ዝናብ ሲወርድ ጆሮ እንዳይደነቁር ነው። እንጨት 46,000፣ የአናጢ እጅ 30,000። የተቆረጠ ፍራሽ 9,500። የ200 ዋት ፓነል 16,000። ሊቲየም ባትሪ 100 አምፒር 62,000። ቻርጅ መቆጣጠሪያና ባለ 500 ዋት ኢንቨርተር 21,000። ሽቦ፣ ፊውዝ፣ መብራት 11,000። የጣራ መተንፈሻ 12,000። ሁለት ጀሪካንና የእግር ፓምፕ 2,800። መጋረጃ 4,200። ድምሩ 266,500 ብር።

አስተውሉ። ለተሰራው ውበት 250,000 ከፍዬ ነበር፣ እዚህ 266,500። 16,500 ብር ብቻ ነው የጨመርኩት። በሁለት የቡና ወቅት ያወጣሁት ጥገና ደግሞ አንድ መጋረጃ ማንጠልጠያና አንድ ፊውዝ ነው። ፊውዟ 40 ብር ነበረች፤ የተቃጠለችውም ሥራዋን ስለሠራች ነው።

ሊቲየሙ ውድ ነው ትሉኛላችሁ። ነው። ግን ጄል ባትሪን ከግማሽ በታች እያወረዳችሁ ብትጠቀሙ ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ 100 ብላችሁ የገዛችሁት 50 ነው። ሊቲየሙ 80ውን ያለ ጭንቀት ይሰጣል። ክብደቱ ደግሞ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ቢሆን ነው። እዚህ ላይ የሚዛኑ ብልሃት ብቻውን አይበቃም፤ ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ ዋቱ የታወቀ አምፑል አብሩበትና ሰዓት ቁጠሩ። 60 ዋት የሚበላ ነገር ከ15 ሰዓት በታች ካጠፋው ተጭበርብራችኋል።

እንጨቱን በተመለከተ አናጢዬ ያለኝን አደረግኩ። የአልጋው ርብራብ ግራቪሊያ ነው፣ ቡናችንን የሚያጠላው ዛፍ፤ ቀላልና ርካሽ ነው። ሳጥኖቹ ባለ 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ ጠርዛቸው በቫርኒሽ የጠገበ። ቺፕውድ ደጄ አይደርስም። ማንኛውም ሳጥን በአራት ቡሎን ተፈትቶ ይወጣል። ይህን ያስደረግኩት እኔ ነኝ፣ አናጢው ሲነጫነጭ። አሁን የትኛው ሽቦ በየት እንደሚያልፍ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ሰዎች ሲጠይቁኝ ማስረዳት የሚያቅተኝ ይሄን ነው፤ የተሰራ መኪና ስትገዙ ከሳንቃው በስተጀርባ ያለውን አታውቁትም፣ ሻጩም ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

ማሰራት ችግር የለውም አልልም። አምስት ሳምንት የተባለው አሥራ አንድ ሳምንት ፈጀ። በያጁ ሠርግ ነበረው፣ ኤሌትሪሻኑ ስልኩን ያጠፋል፣ መብራት ይሄዳል። በየቀኑ ካልቆማችሁበት ይሄም ያው ዶልፊን ይሆናል። እና የሊብሬው ጉዳይ አለ። ሊብሬው የ12 ሰው ወንበር እያለ ውስጡ አልጋ ሆኖ ለቦሎ ምርመራ ስቀርብ ተመለስኩ። መጀመሪያ ጠይቁ፣ ፈቃዱን በወረቀት ያዙ፣ ከዚያ ወንበር ንቀሉ። ኮድ 3 (የንግድ) ሰሌዳ ርካሽ መስሏችሁ ከገዛችሁም ወደ ኮድ 2 (የግል) ሲዞር የሚከፈለውን ቀረጥ ዋጋው ላይ ደምሩት። እኔ ከመጀመሪያው ኮድ 2 ነው የፈለግኩት።

ላንድክሩዘር ላይ የጣራ ድንኳንስ የሚሉ አሉ። አስጎብኚ ወዳጄ አለው። በጋ ላይ ወደ ኦሞ ሲወርድ ንጉሥ ነው። ነሐሴ ላይ ጂማ ሲመጣ ግን እርጥቡን ድንኳን አጥፎ ይሄዳል፣ በሦስተኛው ቀን ሲከፍተው ይሻግታል። ሌሊት ሽንት ሲመጣ ደግሞ በዝናብ መሰላል መውረድ ነው። የመኪናው ዋጋ ብቻ የኔን ሁለት ይገዛል። አልፈነዋል።

የኔን ዋጋ ዛሬ ይዛችሁ ገበያ አትውጡ። ጥር 2016 ላይ የናፍጣና የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ወርቅ ሆኗል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአንድ ወር ገደማ ከ100 አለፈ፤ ባትሪና ኢንቨርተሩ አብረውት ሄዱ። ያልናረው የአናጢ እጅና ግራቪሊያው ነው፣ እሱም በአንጻሩ። ይሄም ቢሆን ለማሰራት ነው የሚያደላው።

አንድ ነገር ግን፣ የተሰራ ብትገዙም ብታሰሩም፦ መኪና ውስጥ ከሰል እንዳታቀጣጥሉ። ቡና አማረኝ ብላችሁ፣ በርዶኝ ብላችሁ፣ መስኮት ከፍቻለሁ ብላችሁም። የከሰል ጭስ ሳያስል ነው የሚገድለው። እኔ ጀበናዬን ውጪ ነው የምጥደው፣ ዝናብ ካለ፣ በኋላው በር ጥላ ሥር።

ምክሬን ሰምታችሁም የተሰራ መግዛት ግድ ከሆነባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ላቫጆ ውሰዱት። አጣቢውን ጣራው ላይ ብቻ ሩብ ሰዓት ሙሉ በፕሬዠር እንዲለቅበት ለምኑት፤ እናንተ ውስጥ ተቀምጣችሁ በባትሪ መብራት እያያችሁ። ከዚያ ፍራሹን አንሱና «ፊውዙን አሳየኝ» በሉ። ሻጩ ካቅማማ መርቃችሁት ውረዱ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጓደኛዬ በቴሌግራም ፎቶ ላከልኝ። «ይሄስ? 1.9 ሚሊዮን ይላል፣ ሙሉ ካምፐር፣ ውሃ የማያስገባ።» ቀለሙ ተቀይሯል፣ መብራቱ አሁን ሐምራዊ ነው። መጋረጃው ግን የባለቤቴ ስፌት ነው። «ላቫጆ ወስደኸዋል?» ብዬ መለስኩለት።