ጥቅል ጎመን ብለው ሰናፍጭ እየሸጡ ነው፤ የጓሮ ዘር ስትገዙ ተጠንቀቁ

ጓሮ ያላችሁም፣ በረንዳ ላይ በጆንያ የምትተክሉም ይህን አንብቡልኝ። በላስቲክ ተቋጥሮ፣ ምንም ሳይጻፍበት የሚሸጥ የጥቅል ጎመን ዘር አትግዙ። ዋጋው ከታሸገው ግማሽ ያህል ነው። ሻጩም «ኦሪጅናል ነው፣ ከቆርቆሮው ቀንሰን ነው» ይላል። እኛ የተሸጠልን ግን ጭራሽ ጥቅል ጎመን አልነበረም።

ለዐቢይ ጾም እንዲደርስልን ኅዳር ላይ ችግኝ አፈላን። ታኅሣሥ ላይ ወደ መደብ አዛወርነው። ፍግም ውሃም አልጎደለበትም። ጥር ሲያልቅ መጠቅለሉን ትቶ ግንዱ ሽቅብ ተመዘዘ። ጫፉ ላይ ቢጫ አበባ፣ ከአበባው ሥር ደግሞ ቀጫጭን የፍሬ ከረጢቶች አወጣ። እናቴ አንዱን ፈልፍላ መዳፏ ላይ ዘረገፈችው። «ይሄማ ሰናፍጭ ነው» አለች።

ሻጩ ጋ ስንመለስ «አፈራችሁ ነው፣ ውሃም አብዝታችሁበታል» አለን። ይህን መልስ እናንተም ትሰሙታላችሁና አትቀበሉት። ጥቅል ጎመን በአያያዝ ጉድለት ላይጠቀልል ይችላል፣ ይህ እውነት ነው። አበባ የሚያወጣው ግን አድጎ ረዘም ያለ ቅዝቃዜ ካገኘ በኋላ ነው፤ በተፈጥሮው የሁለት ዓመት ተክል ነው። መደቡ በሙሉ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ቢጫ በቢጫ ከሆነ የተዘራው ሌላ ነው። አፈር ጎመንን ሰናፍጭ አያደርግም!

ማታለሉ የቀለላቸው ዘሮቹ ስለሚመሳሰሉ ነው። ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ የሐበሻ ጎመንና ሰናፍጭ ዘመዳሞች ናቸው። የሁሉም ዘር ደቃቅ፣ ክብ፣ ከቡናማ እስከ ጥቁር ነው። በዓይን መለየት በጣም ከባድ ነው። ሰናፍጭ ደግሞ ከቅመም ተራ በርካሽ ይገኛል።

እርጥብ ሶፍት ላይ አሥር ፍሬ አስቀምጦ መሞከርም ለዚህ አይረዳም። ሰናፍጩም ያለችግር ይበቅላልና። ያ ሙከራ የሚጠቅመው ላረጀ ዘር ነው፣ በተለይ ለሽንኩርት። የሽንኩርት ዘር ክፍል ውስጥ ዓመት ካለፈው የመብቀል አቅሙ በጣም ይወርዳል። «ካቃጠለ ሰናፍጭ ነው» ብላችሁ ደግሞ ዘሩን እንዳትቀምሱ። ከውጭ የሚመጣ ዘር ብዙ ጊዜ በፀረ ፈንገስ መድኃኒት የታሸ ነው። ሮዝ፣ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ካያችሁበት ልጆች እጅ እንዳይገባ።

ስለዚህ የታሸገውን ግዙ። ማሸጊያው ላይ የዝርያው ስም፣ የአምራቹ ስም፣ የመብቀል መቶኛውና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ ይኑር። ለትንሽ ጓሮ አንድ ቆርቆሮ ይበዛል፤ ከጎረቤት ጋር ተዋጥታችሁ ተካፈሉት። ከሁሉም የሚሻለው ግን ከችግኝ ጣቢያ ችግኝ መግዛት ነው። ቅጠሉን እያያችሁ ትመርጣላችሁ። የጥቅል ጎመን ቅጠል ልሙጥ ነው፣ ሰም የተቀባ ይመስላል፣ ውሃ ሲፈስበት ያንሸራትተዋል። የሰናፍጭ የታች ቅጠል ሲዳብሱት ይሻክራል፣ ጠርዙም የተቆራረጠ ነው። የሐበሻ ጎመንን ግን በዚህ አትለዩትም፣ እሱም ልሙጥ ነው።

ደረሰኝም ያዙ። የእኛው ሰው ስንጠይቀው «ለዚህች ለምትሆን?» ብሎ አልፎናል፤ አሁን የምንከራከርበት ወረቀት የለንም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለምንገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። መብቱን ለመጠየቅ ግን ከማን እንደገዛችሁ ማሳየት አለባችሁ።

የጾሙን አልጫ የሠራነው ካሮቱን ከጓሯችን፣ ጥቅል ጎመኑን ከገበያ አምጥተን ነው። የዘሩ ብር ይቅር፤ ሦስት ወር የተያዘው መሬትና የተቀዳው ውሃ ነው የሚያንገበግበኝ።

ዘርታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ቅጠሉን ዳብሱት። ሻካራ ከሆነ አበባ እስኪያወጣ አትጠብቁ። ለጋ ለጋውን ቅጠል ልቀሙና ቀቅሉት፣ ውሃውን ድፉት፣ ከዚያ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ አብስሉት፤ ምሬቱ በጣም ይቀንሳል። የቀረውን ነቅላችሁ መደቡ ላይ ቆስጣ ዝሩበት። በሁለት ወር አካባቢ መቁረጥ ትጀምራላችሁ፣ ከሥሩ ካልነቀላችሁት ደጋግሞ ያቆጠቁጣል።