ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ላሉት የኮፒ ቤት እናታችን ምስጋና (ስኮላርሺፕ የምትሞሉ ልጆች አንብቡት)

ድሬዎች ሰላም ናችሁ? ለትምህርት ሀንጋሪ ከሄድኩ በኋላ ልጽፈው ነበር ግን አላስቻለኝም። ከዚራ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ኮፒና ታይፕ የሚሰሩ እናት አሉ፣ ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውን አልጽፍም፣ የሰፈር ልጅ ብትጠይቁ ያሳያችኋል። እባካችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ እሳቸው ጋር ሂዱ።

እኔ ከዲፓርትመንቴ አንደኛ ወጥቼ ነው የተመረቅኩት፣ ዋንጫም ሜዳልያም ተሸልሜያለሁ፣ አባዬ ሜዳልያውን በመስታወት አስገብቶ ሳሎን ሰቅሎታል። ሰው ሁሉ "አንቺማ ውጪ ነሽ" ይለኝ ነበር፣ እንዴት እንደሚኬድ ግን የነገረኝ የለም። ሁለት አመት ተንከራተትኩ። "ስኮላርሺፕ እናስጨርሳለን" የሚል ቢሮ 15 ሺ ብር ተቀብሎኝ የላከልኝ ደብዳቤ የውሸት ሆነ፣ ከዛ በኋላ ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። እናቴ ከእቁቧ ያወጣችው ብር ነበር፣ እስከዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል። የሀንጋሪ መንግስት ስኮላርሺፕ፣ ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም የሚሉት፣ ለካ ማመልከቻው በነጻ ነው! ትምህርቱ በነጻ፣ በወር ደግሞ 43,700 ፎሪንት ይሰጣሉ።

እሳቸው ጋር የገባሁት ስካን ለማስደረግ ብቻ ነበር። ፓስፖርቴንና ትራንስክሪፕቴን ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ በጣታቸው ፊደል በፊደል ሄዱና "ልጄ፣ ያባትሽ ስም እዚህ በአንድ ኤስ ነው፣ እዚህ በሁለት። እንዲህማ አትልኪውም" አሉኝ። ደነገጥኩ። አባዬ የሸመንደፈር (የባቡር ድርጅቱ) ሰራተኛ ስለነበረ ስሙን የሚጽፈው በፈረንሳይኛ ነው፣ አንዷ ኤስ "ዝ" ተብላ እንዳትነበብ ሁለት ያደርጋታል፣ ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስመዘገብም እንደዛው ጻፈልኝና እስከ ዩኒቨርሲቲ ተከተለኝ። ያን ወረቀት ስንት ሰው አይቶታል፣ ብር የበሉኝም አይተውታል፣ አንድም ሰው አላነበበውም!! እሳቸው ያኔውኑ ማመልከቻ ታይፕ አደረጉልኝ፣ ይዤ ሬጅስትራር ሄጄ ሁለቱም ስም የኔ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ አጻፍኩ።

የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ጥር 7 ነበር፣ የሥላሴ ለት፣ በኛ 10 ሰዓት ላይ ይዘጋ ነበር። ድሬን ታውቋታላችሁ፣ ቀትር ላይ ሁሉም ዘግቶ ቤቱ ይገባል። እሳቸው ግን "ይሄ ሳይሄድ አልዘጋም" ብለው ተቀመጡ፣ ምሳቸውን አስመጥተው አብረን በላን፣ 8 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፣ የኔ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እሳቸው በስልካቸው ኔትወርክ የልጃቸውን ላፕቶፕ አገናኙና ቀጠልን። ምን ምን እንደነኩ አላውቅም፣ ብቻ ከ9 ተኩል በፊት ተላከ። ሒሳብ ስል "የኮፒውን ብቻ" አሉኝ። አቦ እንዲህ አይነት ሰው አለ? እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ልጆቻቸውን ይባርክላቸው።

ቪዛዬ ወጥቶ ላሳያቸው የሄድኩ ቀን እልል ከማለታቸው በፊት መነጽራቸውን አደረጉና ስሜን ፊደል በፊደል አዩት።

ዘንድሮ የምትሞሉ፣ በተለይ ዋንጫ ይዛችሁ ቤት የተቀመጣችሁ ሴቶች፣ ለማንም ደላላ ብር አትስጡ፣ ሂዱላቸው። ጠዋት ከ6 ሰዓት በፊት ድረሱ፣ ዋናውን ፓስፖርት ያዙ፣ በስልክ ፎቶ አይቀበሉም። እኔ የላክኋችሁ መሆኑን ንገሯቸው፣ የሁለት ኤሷ ልጅ በሏቸው።